«ልጄ ቅዳሴ ላይ ይጮኻል፤ ቤት ላስቀረው?»

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ እዚሁ ሐዋሳ ሆኜ ነው። የመጀመሪያ ልጄ በመስከረም 7 ዓመት ይሞላዋል። ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም ነግሮናል። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ቅዳሴ ይዤው ስሄድ ቃጭሉ ሲመታና ድምፅ ማጉያው ከፍ ሲል ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ መሬት ላይ ይተኛል። ከቅዳሴ በኋላ ከበሮ ሲጀመርማ ሮጦ ከግቢው ይወጣል። ባለፈው አንዲት እናት «ልጅሽን ቤት አስቀምጪና አንቺ አስቀድሺ፤ ሰው ጸሎት ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አላውቅም። አማቴ መንፈስ ነው፣ ጸበል ይግባ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪው ይላሉ። ባለቤቴ ስለ ልጁ ማውራት አይፈልግም። እርጉዝ ሳለሁ የተሳልኩት ስለት ነበር፤ አላደረስኩትም። በእሱ ይሆን? አንዳንዶች ደግሞ ክትባት ነው ስላሉኝ ታናሽ እኅቱን ለማስከተብ ፈራሁ። ምግብም ከነጭ ዳቦ፣ ከወተትና ከእንቁላል በቀር አይቀምስም። 7 ዓመት ሲሞላው ጾሙ እንዴት ይሆናል? ቁርባንስ? በመጨረሻ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። አንዳንድ ሌሊት «ምነው ባልወለድኩት» እላለሁ። ከዚያ አለቅሳለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል?

መልስ፦

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሌላው ሁሉ መልስ አለው፤ ያ የሌሊቱ ግን ብቻሽን የተሸከምሽው ነው።

ኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 11ን ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንብቢው። ሙሴ ነው የሚናገረው። ሕዝቡ አልቅሶበታል፤ ደክሞታል። እግዚአብሔርን ምን እንደሚለው ተመልከቺ። ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ ፀነስሁትን? እኔ ወለድሁትን? ሞግዚት የሚጠባውን ልጅ እንደምታቅፍ በብብትህ እቀፈው የምትለኝ ለምንድን ነው? ብቻዬን ልሸከመው አልችልም። እንዲህስ ከምታደርግብኝ ግደለኝ። ይህን ያለው ባሕር የተከፈለለት፣ ጽላቱን የተቀበለው ሙሴ ነው።

እግዚአብሔር ምን መለሰለት? አልተቆጣውም። «እንዴት እንዲህ ትላለህ» አላለውም። 70 ሽማግሌዎች ሰብስብልኝ አለው። ሸክሙን ከአንተ ጋር ይሸከማሉ፣ አንተም ብቻህን አትሸከምም አለው።

እኔ ያንቺን «ምነው ባልወለድኩት» የምሰማው እንደዚያ ነው። ልጅሽን መጥላት አይደለም። ብትጠይውማ ኖሮ ስለ ጾሙና ስለ ቁርባኑ ተጨንቀሽ ባልጻፍሽልኝ። የደከመ ሰው ጩኸት ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ማፈር የለብሽም። ግን ንስሐ ገብቶ ወደዚያው ብቸኝነት መመለስ ብቻውን መልስ አይሆንም። አንቺ የሚያስፈልግሽ 70 ሰው ነው። 70 ባይገኝ 7። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ስለቱ። ከተወለደ ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው ጌታ ሲያገኝ ደቀ መዛሙርቱ ያንቺን ጥያቄ ነበር የጠየቁት። ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ? አሉ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ነው። የጌታ መልስ አጭር ነው። የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ ነው እንጂ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም አለ። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። አምላካችን በስለት የሚበቀል፣ ያውም ከሕፃን ላይ የሚቆርጥ አበዳሪ አይደለም። ስለትሽን ግን አድርሺ። ልጁን የያዘው ዕዳ ስለሆነ አይደለም። ቃል ስለገባሽ ነው። ባዶ እጅ ካለሽም ለንስሐ አባትሽ ንገሪና እንደ አቅምሽ ይሁን።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ከዚያ ጥያቄ አላመለጡም። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም ኦቲዝምን እ.ኤ.አ. በ1943 በጽሑፍ ከገለጸው በኋላ፣ ብዙ የውጭ አገር ባለሙያዎች ለዓመታት «እናትየው ፍቅር ስለነፈገችው ነው» ይሉ ነበር። ስንት እናት በዚህ ነገር አንገቷን ደፍታለች! እ.ኤ.አ. በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን በመጽሐፍ ተቃወመ። እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። ዛሬ ያ አባባል የተጣለ ነው። ኦቲዝም አእምሮ ከመጀመሪያው፣ ከማኅፀን ጀምሮ፣ በተለየ መንገድ የሚያድግበት ሁኔታ ነው። ከዘር የሚመጣው ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። ያንቺ ጥፋት የለበትም።

የክትባቱን ወሬም እዚሁ እንዝጋው። ወሬውን ያስነሣው በኩፍኝ ክትባት ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጽሑፍ ነው። ያሳተመው መጽሔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር በብዙ ሕፃናት ላይ ተጠንቶ ግንኙነት አልተገኘም። ኩፍኝ ግን እውነተኛ በሽታ ነው፤ ይገድላል። ትንሿን ውሰጃትና አስከትቢያት።

ስለ መንፈሱ። እኅቴ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ርኩስ መንፈስ እንዳለ ታምናለች። እኔም አምናለሁ። ነገር ግን የማናውቀውን ሁሉ መንፈስ ማለት እምነት አይደለም፤ ችኮላ ነው። ልጅሽ እጁን ቢያርገበግብ፣ ያንኑ ቃል ቢደጋግም፣ ዓይን ለዓይን ባያይ፣ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ብቻ ሲያዞር ቢውል፣ ይህ ሐኪሙ በስሙ የነገረሽ ነገር ነው። ለአማትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው። እሳቸውም የልጅ ልጃቸው ስለሚያሳዝናቸው ነው እንዲህ የሚሉት።

ጸበል ግን ሂጂ። ማን ይከለክልሻል? ጸበል ሀብታችን ነው፤ በረከት ነው። ሦስት ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ። አንደኛ፣ ልጁን አራት ሰው ይዞት በግድ እንዳይጠመቅ። ቆዳው ላይ ድንገት የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ለእሱ ድንጋጤ ነው። ስቃይ ሆኖበት ሲጮኽ «ያው፣ መንፈሱ ጮኸ» የሚል ሰው አይጠፋም። ጸጥ ባለ ሰዓት ሂጂ፤ እጁን ራሱ ይንከር፤ ግንባሩን በእጅሽ አርጥቢለት፤ ከጠጣም በለመደው ኩባያ ይጠጣ። ሁለተኛ፣ ማንም እንዳይመታው፣ እንዳያስረው። የሚያስር ቦታ ካየሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፤ በእኔ ይሁንብሽ። ሦስተኛ፣ ሕክምናውን እንዳታቋርጪ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታ አብሯቸው ይኖራል። መድኃኒት ታዞለት ከሆነ በድንገት ማቆም ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እሱ ነው ይላል። ጸበሉንና ሐኪሙን ያጣላናቸው እኛ ነን።

«ታዲያ እንዲድን አልጸልይለት?» ትይ ይሆናል። ጸልዪለት። ቃል እንዲያወጣ፣ እንቅልፍ እንዲተኛ፣ ፍርሃቱ እንዲቀልለት፣ የሚወድደው ጓደኛ እንዲያገኝ ጸልዪለት። ብቻ ሌላ ልጅ ስጠኝ ብለሽ አትጸልዪ። የተሰጠሽ ይህ ነው፤ ስሙም በክርስትና ተጠርቷል።

እንግዲህ ወደ ቅዳሴው። ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሰባኪ ሳለሁ፣ ስብከት ላይ አንድ ልጅ ይጮህ ነበር። አባቱ አቅፎት ከኋላ ቆሟል። እኔ ከመድረክ ላይ «እባካችሁ ልጁን አውጡልን» አልኩ። አባትየው ወጣ። ተመልሶ አላየሁትም። ልጁ ምን እንደነበረው አላውቅም። የአባቱ ጀርባ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ እንደገና መጣብኝ። እነዚያ እናት ያሉሽን እኔም ብዬዋለሁ። ስለዚህ እሳቸውን ከመውቀሴ በፊት ስለ ራሴ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ጌታ ጆሮው የደነቆረና አንደበቱ የተያዘ ሰው አመጡለት። እዚያ ላይ ስንት ጊዜ አንብቤ ያለፍኳት አንዲት ቃል አለች። «ከሕዝቡም ለይቶ ለብቻው ወሰደው» ይላል። ለምን ለየው? በሌላ ጊዜ በሕዝብ መካከል ፈውሷል። አባቶች ለዚህ የየራሳቸው ትርጓሜ አላቸው። እኔ ግን አንድ ነገር አያለሁ። ጌታ ያንን ሰው «መጀመሪያ እንደ ሌላው ሁንና ና» አላለውም። ግርግሩ የማይመቸውን ሰው ከግርግሩ አወጣው። የማይሰማውን ሰው በቃል አልጀመረለትም፤ በጣቱ ጆሮውን ነካ፣ ምላሱን ዳሰሰ፣ ወደ ሰማይ አየ። በሚገባው ቋንቋ አናገረው። «ኤፍታህ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጅሽን እንዲሁ ውሰጂው። ለይተሽ፣ ለብቻው፣ በሚገባው መንገድ። መለየት ሲባል ግን ቤት መቆለፍ አይደለም። ጌታ ሰውየውን ለየው እንጂ አልተወውም፤ አብሮት ሄደ።

ሥራው እንዲህ ነው። በአዘቦት ቀን፣ ግቢው ባዶ ሲሆን ውሰጂው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በሩን ይሳም፣ ዛፉ ሥር ይቀመጥ፣ ተመለሱ። በሌላ ቀን ዐሥር ደቂቃ። በስልክሽ ፎቶ አንሺለት፦ በሩን፣ ጫማ የሚወልቅበትን ቦታ፣ መስቀል የያዙትን አባት፣ ዛፉን። ከመሄዳችሁ በፊት በተራ አሳይው። ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ባዶ እግሩን ምንጣፍ ላይ መቆም ካስጠላው ካልሲ ያድርግ። ነጠላው ከኮሰኮሰው ያለ ነጠላ ይግባ። የዕጣኑ ጢስ ከከበደው ከነፋሱ በኩል ቁሙ። ለጆሮው በጩኸታም ማሽን ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉትን ዓይነት መሸፈኛ ፈልጊለት። ዲያቆኑ ምን እንደሆነ ሲጠይቅሽ አትፈሪ፤ ንገሪው። ለአንዳንድ ልጅ ድምፅ ማለት በጆሮ ውስጥ እንደሚገባ መርፌ ነው። ቅብጠት አይደለም። ያመዋል።

ቀኑንም ምረጪ። ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ሐዋሳ በእንግዳ እንደምትጨናነቅ ታውቂያለሽ። የዚያን ቀን እሱን ይዞ መሐል መግባት ለሁለታችሁም መከራ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሂጂ፤ መልአኩ እዚያው ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ ላንቺ ልጅ የተሠራ ወቅት ነው ብል ማጋነን አይደለም። ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ። ዜማው ይለዝባል። የአዘቦቱ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰውም ከእሑዱ ያነሰ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ልብ አይልም።

ሌላም ነገር ልብ አድርጊ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ያልተለወጠ ነገር ይወዳሉ። ያው መንገድ፣ ያው ሳህን፣ ያው ቃል። የእኛ ጸሎት ምንድን ነው? ያው ቃል፣ በያው ቅደም ተከተል፣ ትውልድ ከትውልድ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ እንላለን፤ ማንም «ምነው ደጋገምከው» አይለንም። ልጅሽ ቃል ሲደጋግም ሰው ያፍርበታል። እኛ ግን በመቁጠሪያ ቆጥረን እንደጋግማለን! መቁጠሪያ ስጪው። ፍሬውን አንድ በአንድ በጣቱ ይግፋ። ቃሉን አንቺ በዝግታ በይለት። አንድ ቀን «እግዚኦ» ቢል፣ ባይልም እንኳ ፍሬዋን ሲገፋ፣ ያ ጸሎት ነው። ያልተናገረ ልጅ የሚለው ነገር የለውም ማለት አይደለም።

ለምእመናንም አንድ ቃል ልበል፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። እሑድ 1,000 ሰው ቢያስቀድስ ሰባት ስምንቱ ከመካከላችን መኖር ነበረባቸው። የት ናቸው? ብዙዎቹ ቤት ተዘግቶባቸዋል። እናቶቻቸውም አብረው ተዘግተዋል። ስለዚህ ልጅ ሲጮህ ስታዩ ዘወር ብላችሁ አትዩ። እናቲቱን «አይዞሽ» በሏት። ሌላውን ልጅ ያዙላት። ውኃ አምጡላት። «አውጪው» የምትለዋ ቃል አንድ ቤተሰብ ታስወጣለች፤ እኔ አይቻለሁ።

አሁን ቁርባኑ። ልጅሽ በ40 ቀኑ ተጠምቋል፣ ሜሮን ተቀብቷል፣ ቆርቧል። ያን ቀን መናገር ይችል ነበር? አንቺስ በ80 ቀንሽ ትችዪ ነበር? ሁላችንም ገና አንዲት ቃል ሳናውቅ ነው የተቀበልነው። ስለዚህ «አይገባውም፣ አይረዳውም» ብሎ የሚከለክለው ቢኖር ሥርዓታችንን አላወቀም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ሰልፉ፣ የሰው መጋፋት፣ አፉን ለማያውቀው ነገር መክፈቱ። ካህኑን አስቀድመሽ አነጋግሪ። ሰልፍ እንዳይጠብቅ ፊት ላይ ይቅረብ። ቤት ውስጥ በንጹሕ ማንኪያ ትንሽ ውኃ እየሰጠሽ አፍ መክፈትን ብቻ አለማምጂው። ዲያቆኑ ደሙን በእርፈ መስቀል ሲያቀብል እንዳይደነግጥ ነው። ያን ቀን እምቢ ካለ አታስገድጂው። በሌላ ቀን ይሆናል። ከመቁረቡ በፊት ስንት ሰዓት ሳይበላ መቆየት እንደሚችል ከንስሐ አባትሽ ጋር ወስኚ።

ጾሙም እንዲሁ ነው። ልጆች ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ጾም እንዲለማመዱ ማድረግ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ጾም ለሚችል ነው። ልጅሽ ወተትና እንቁላሉን የሚበላው አምሮት ይዞት አይደለም። የሌላው ምግብ ሽታ፣ ልስላሴው፣ ቀለሙ አፉ ውስጥ ስለማይቆምለት ነው። ወተቱን ብትነጥቂው ሽሮ አይበላልሽም፤ ዝም ብሎ ይራባል፣ ይከሳል። ለንስሐ አባትሽ ልክ እንደ ሕመምተኛ ልጅ ሁኔታውን ንገሪያቸው፤ ይፈቅዱለታል። ጾምን በሌላ ያስተምሩት ይሆናል። ለምሳሌ ዳቦውን ከመብላቱ በፊት አንድ ቁራሽ ለእኅቱ ይስጥ። ቤተሰቡ ሽሮ ሲበላ እሱ ወተቱን እዚያው ማዕድ ላይ ይጠጣ። ደብቀሽ አታብይው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ባለቤትሽን በተመለከተ ረጅም ነገር አልልም። ብዙ አባት ሲከፋው ዝም ይላል። «እንነጋገር» ስትዪው ይሸሻል። ሥራ ስጪው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን እሱ ይውሰደው፤ ሁለቱ ብቻ። ልጁ የሚወድደውን ነገር ያግኝ። ጎማ ማዞር ከሆነ ቁጭ ብሎ አብሮት ጎማ ያዙር። በቃል ያልመጣው በእጅ ይመጣል። እምቢ ካለ ስልኬን ስጪው፤ እኔ እደውላለሁ።

ሕክምናው ጋር ከሆናችሁ ቀጥሉ። ገና ያላደረጋችሁት ካለ፣ መስማቱን አስመርምሩ፤ ንግግር ለዘገየ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፤ ከሕፃናት ሐኪም ጀምራችሁ ጠይቁ። በቀን ግማሽ ሰዓት አንቺ ራስሽ መሬት ላይ ተቀምጠሽ በእሱ ጨዋታ መጫወትሽም ሕክምና ነው። ወላጆችን ይህን የሚያሠለጥን የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር በአገራችንም ተሞክሯል። እናት ከተማረች ልጅ ይለወጣል ከሚል የተነሣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ያነሣሣቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ልጆቻቸውን ይዘው ከቤት የወጡ ብዙ እናቶች ግን የእሳቸውን ድምፅ ሰምተው ነው የወጡት። አንዲት እናት ናት የጀመረችው።

አንድ ነገር ልረሳው ነበር፤ ትልቅ ነገር ነው። «ሮጦ ከግቢው ይወጣል» ብለሻል። እኅቴ፣ እኛ የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ሳይታዩ ከቤት ይወጣሉ፤ ብዙዎቹን ደግሞ ውኃ ይስባቸዋል። አደጋ አያውቁም። በሩ ላይ እጁ የማይደርስበት መወርወሪያ አስደርጊ። ስልክ ቁጥርሽን በልብሱ ውስጥ ስፊለት። ለጎረቤት፣ ለሱቁ፣ ሰፈሩ ላይ ለሚቆሙት የባጃጅ ልጆች ፎቶውን አሳዪ፦ «ይህን ልጅ ብቻውን ካያችሁ ያዙት፣ ደውሉልኝ» በያቸው። እግዚአብሔር አያድርገውና ከጠፋ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ውኃው ነው፤ ገበያውና መንገዱ ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። ሲያድግ ዋና አስተምሩት።

እነዚህ ጎረቤቶች፣ እነዚህ የባጃጅ ልጆች ከሙሴ 70ዎቹ ናቸው። ሰባቱን እንቁጠር። አማትሽ አንዷ ይሁኑ፤ የሚወድዱትን ልጅ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ይያዙልሽና አንቺ ተኚ። የንስሐ አባትሽ ሁለት። ባልሽ ሦስት። ከማኅበርሽ ወይም ከእድርሽ አንዲት የምታምኛት ሴት አራት። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት ሌላ እናት አምስት፤ ሰበካ ጉባኤው ላይ አስነግሬ እፈልግልሻለሁ፤ መኖሯን አልጠራጠርም። ከሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት ወጣቶች እኔ አመጣለሁ። አሠለጥናቸዋለሁ። ልጅሽ ሲያስቸግር አብረውት ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ አንቺ ገብተሽ ታስቀድሺያለሽ።

ሐምሌ 19 ስለ ቂርቆስና ስለ ኢየሉጣ ሲነበብ ሰምተሻል። እናትና የሦስት ዓመት ልጅ ናቸው። የፈላውን ውኃ ስታይ እናትየው ፈራች። ያጽናናት ልጁ ነው። ባለፈው ዓመት ድርሳኑ ሲነበብ አንዲት እናት ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማሁ። ዞሬ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ዛሬ ግን ብጠይቃት ኖሮ እላለሁ።

በመጪው ሳምንት ረቡዕ ወይም ዐርብ ጠዋት፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ይዘሽው ነይ። በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ስሙን አስቀድመሽ ላኪልኝ፤ እጄን አልዘረጋም፣ አልስመውም፣ እሱ እስኪቀርብ እቆማለሁ። ከወደደ ከበሮው የሚቀመጥበትን ክፍል አሳየዋለሁ። አንመታውም። ዝም ባለበት በእጁ ይንካው፤ ቆዳውን ይዳስስ፣ ጠፍሩን ይቁጠር፣ ከፈለገ ጆሮውን ያስጠጋበት። ካልፈለገም ዛፉ ሥር እንቀመጣለን።